ጋሽ መርዕድን ተከትዬ የጠፋሁበት ዓርብ

ሚስት ለማግባት ተራራ መውጣት ግዴታ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ገና የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩና ብዙ ነገር አላውቅም ነበር።

ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ፔጀር የሚሏትን የመልእክት መጥሪያ ወገቡ ላይ የሰካ ሁሉ ትልቅ ሰው የሚመስልበት ዘመን። ሳን ሆዜ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ በሚገጣጥም ፋብሪካ እሠራ ነበር። በማጉያ መነጽር እያየሁ ከጤፍ የማይበልጡ ነገሮችን እበይዳለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን አሥር አሥር ሰዓት ስለምሠራ ዓርብ ዕረፍቴ ነው። ዓርብን የማሳልፈው ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነበር። ስፖርት ሠራ ከተባልኩ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ፋብሪካው በር የምራመዳት ናት፤ እሷንም ካረፈድኩ ብቻ ነው የምፈጥንባት።

ሶስናን ያወቅኋት ኦክላንድ፣ የሰው ሰርግ ላይ ነው። በርክሌ ውስጥ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ እንጋባ ተባባልን። የቀሩት አባቷ ነበሩ። እናቷ ያረፈችው ሶስና ገና ሕፃን ሳለች ነው፤ በእግር በረሃ አቋርጠው፣ ሱዳን ካምፕ ውስጥ አሳድገው፣ እዚህ ያደረሷት አባቷ ጋሽ መርዕድ ናቸው። ሶስና ነገሩን ከጅምሩ ቁርጥ አድርጋ ነግራኛለች።

«አባዬ እሺ ካላለ አይሆንም ሙሌ። ሳይወድ አላደርገውም። ዲል?»

«ዲል» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እንግዲህ ጉዳዬ ይኸው ነበር፤ ከጋሽ መርዕድ አፍ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ማውጣት። ጋሽ መርዕድ ደግሞ ቃል ይቆጥባሉ። አገር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መንገድ ቀያሽ ነበሩ። ሰውንም የሚያዩት መንገድ እንደሚያወጡበት መሬት ነው፤ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ከእግር እስከ ራስ። እኔ ላይ ደልዳላ ቦታ አላገኙም መሰለኝ፣ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ሰላምታ ተለዋውጠን ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞራሉ።

ለመወደድ ስል ሁለት ውሸት ዋሸሁ። ስኳር አለባቸውና ሐኪማቸው በእግር ይሂዱ እንዳላቸው ስሰማ፣ «እኔማ ዓርብ ዓርብ ተራራ እወጣለሁ» አልኩ። ፍልሰታ ሊገባ ሲል ደግሞ «ትጾማለህ?» ብለው ጠየቁኝ። «እንዴታ ጋሼ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው እንጂ!» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ያን ቀን ጠዋት፣ ረቡዕ ሆኖ ሳለ፣ በቋሊማ እንቁላል በልቼ ነበር የወጣሁት።

ሶስና የመጀመሪያውን ውሸት ሰምታ በደስታ ዘለለች። «ታዲያ አባዬን ይዘኸው ሂዳ! ዓርብ ላይ!» አለች። ስለዚህ ከኦክላንድ በላይ ባለው ተራራ ያለውን የዝግባ ጫካ፣ ሰው ሁሉ ልጁንና ውሻውን ይዞ የሚንሸራሸርበትን ፓርክ መረጥኩ። ጫማ ገዛሁ። ካርታ አመጣሁና ሳምንቱን ሙሉ እንደ ማትሪክ ፈተና አጠናሁት። ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ነው፤ በሦስት መገንጠያ በሦስቱም ወደ ግራ ከታጠፍክ በሁለት ሰዓት ውስጥ መኪናህ ጋ ትመለሳለህ። ግራ፣ ግራ፣ ግራ። ሕፃን አይስተውም።

ዓርብ ዕለት፣ ጾሙ ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ መርዕድን ከቤታቸው ወሰድኳቸው። ሱፍ ኮት፣ የተወለወለ ጥቁር ጫማ፣ ባርኔጣ። ሶስና በጨለማ ሥራ ገብታለች፤ ከመሄዷ በፊት ግን የሳቸውን ምሳ ቋጥራ፣ እኔንም ስልክ ላይ አስምላኛለች። «ስድስት ሰዓት ላይ ይብላ። የንስሐ አባቱም ሐኪሙም ሰዓቱን እንዳይጾም ነግረውታል። ላብ ላብ ካለው ወይ ንግግሩ ከተዘበራረቀበት ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው፤ ያኔ ጣፋጭ ነገር ቶሎ። ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ።»

መኪና ውስጥ ገብተን «ቁርስ በልተዋል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሶስና ሠርታልኝ ሄዳለች» አሉ።

መልሱ ጥያቄዬን እንዳልመለሰልኝ የገባኝ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው።

ፓርኩ ደርሰን የምሳውን ቋጠሮ ላወርድ ስል እጄን ያዙኝ። «ሁለት ሰዓት ነው አላልክም? ምን ያሸክምሃል፤ ስንመለስ እንበላለን።» ነገሩ ልክ መሰለኝ። ካርታዬን ይዤ፣ መኪናዬን ቆልፌ፣ ወደ ጫካው ገባን።

አሁን ከአገራችን ሰው ሌላ የማይሠራውን ስህተት እነግራችኋለሁ። መንገዱ ቀጭን ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። መንገዱን የማውቀው፣ ካርታውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ግን ልጃቸውን የምጠይቃቸውን ሰውዬ ቀድሜ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ልሂድ? «ይለፉ ጋሼ» አልኩ፣ ጎንበስ ብዬ። «የለም፣ አንተ እለፍ እንጂ።» «ኧረ በፍጹም!» «ግድ የለም።» «ኧረ እንዴት ተደርጎ!» አንዲት በሩጫ የምታልፍ ፈረንጅ እስክንጨርስ ቆማ ጠበቀችን። በመጨረሻ እሳቸው ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ጉዞ ጀመርን።

ከኋላ መሄድ ጥቅም እንዳለው አልክድም። ኪሴ ውስጥ ትልቅ የወተት ቸኮሌት ነበረኝ። ጋሽ መርዕድ ዳገት ባዩ ቁጥር አንገታቸውን አቀርቅረው ሲወጡ፣ እኔ አንዲት ቁራጭ ሰበር አድርጌ አፌ ውስጥ እጥላለሁ። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ እስላለሁ። «ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?» አሉኝ አንድ ጊዜ። «ትንሽ ጋሼ» አልኩ፣ በምላሴ ቸኮሌቱን ወደ ጉንጬ ገፍቼ።

ጫካው ደስ ይላል፤ እውነቱን ልናገር። ዛፎቹ ጫፋቸው አይታይም፤ መሬቱ በረገፈ ቅጠል ተሸፍኖ እንደ ፍራሽ ይለሰልሳል። ጋሽ መርዕድ አንዱን ግንድ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ይኼ አንዱ ብቻውን ስንት ድልድይ ይወጣዋል!» አሉ። መንገዱ ላይ ቢጫ፣ ሙዝ የሚያህል ቀንድ አውጣ አገኘን፤ የተሸከመው ቤት የለውም። ጎንበስ ብለው አዩትና «ይሄን ደግሞ ኪራይ ተወዶበት አስወጥተውታል» አሉ። ሳቅሁ። ጋሽ መርዕድ ቀልድ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበርና «እሺታዋ መጣች» ብዬ ልቤ ሞቅ አለ።

የመጀመሪያው መገንጠያ ጋ ስንደርስ ጋሽ መርዕድ ምልክቱን ገልመጥ አድርገው ወደ ቀኝ ታጠፉ።

«ጋሼ…»

ዞር አሉ። «ምን አልክ?»

ያቺን ፊት እዩልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መንገድ ሲያወጣ ለኖረ ሰው፣ ከሶፋ ላይ ተነስቶ የመጣ ጎረምሳ «ተሳስተዋል» ይበለው?

«አይ… አየሩ ደስ ይላል አልኩ።»

«ደስ ይላል» ብለው ቀጠሉ።

ለራሴ በቀኝም ቢሆን የሆነ ቦታ ይገናኛል አልኩት። ሁለተኛው መገንጠያ ላይ መሐሉን ያዙ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ…» «እ?» «ይጠንቀቁ፣ ሥር አለ።» ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ቆሙና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ወደ እኔ አዩ። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም። በትሕትና ፈገግ አልኩላቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ቁልቁለቱን ወረዱ። ያ መንገድ ከካርታዬ ውጪ ነበር። ካርታውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና ሌላ ቁራጭ ቸኮሌት በላሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰው ማየት ካቆምን ቆይተናል። ስድስት ተኩል ላይ መንገዱ ራሱ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ እሾህና ቅጠላ ቅጠል እየገፋን መሄድ ጀመርን። የሶስና «ፕሮሚስ?» ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ምሳው ግን መኪና ውስጥ ተቆልፎበታል። መኪናው የት እንዳለ ደግሞ እንጃ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብናርፍስ?» አልኩ።

መሄዳቸውን ቀጠሉ። አረማመዳቸው እንደተለወጠ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። እግራቸው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይንገዳገዳል። ደርሼ ፊታቸውን አየሁት። በዚያ ቀዝቃዛ ጥላ ውስጥ ላብ በላብ ሆነዋል። ከንፈራቸው ነጥቷል።

«አንተ ከበደ» አሉኝ። «ካስማውን እዚያ ትከል አላልኩህም?»

«ጋሼ፣ እኔ ሙሉጌታ ነኝ።»

«ዝናቡ ሳይመጣ ትከለው! ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉና እጃቸውን ሲዘረጉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ባይዘኋቸው በግንባራቸው ነበር የሚወድቁት። ግንድ አስደግፌ አስቀመጥኳቸው። እጃቸው እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል።

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጮህኩ፤ «ሄልፕ! ሰው የለም?» አልኩ። የመለሰልኝ የለም። ከእግሬ ሥር የሚሳብ ሌላ ቢጫ ቀንድ አውጣ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም።

ጣፋጭ ነገር ቶሎ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቸኮሌቱን አወጣሁት። ያን ሁሉ ቸኮሌት እስኪያንቀኝ በልቼው የቀረችው አራት ቁራጭ ናት። በገዛ ሆዴ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

«ይጉረሱ ጋሼ። በሞቴ።»

አንዷን ወደ አፋቸው ሳስጠጋ አሸተቱና ጥርሳቸውን ገጠሙ። «ወተት አለው» አሉ። ሰው ያለበትን አገር ረስቶ የወተት ሽታ አይረሳም?

«ግድ የለም ጋሼ፣ መድኃኒት ነው!»

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ጋሼ ይሞታሉ!»

«ሰዓቱ አልደረሰም» አሉ፤ ዓይናቸው እየተከደነ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለእናቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ደረታቸው ላይ ተንበረከክሁ። አገጫቸውን ባንድ እጄ ጨመቅሁ። «አፍህን ክፈት!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ክፈት ብዬሃለሁ! ልጅህን ምን ልበላት? ክፈት!» ጥርሳቸው ትንሽ ሲላቀቅ ቸኮሌቱን ከነጣቴ ሰደድኩት። ነከሱኝ። ነከሱኝ ስላችሁ እንደ ቀልድ አይደለም፤ ጥፍሬ ሥር ድረስ ነው። እኔ እጮሃለሁ፣ እሳቸው ይነክሳሉ፣ ቸኮሌቱ በመካከላችን ይቀልጣል። ሁለተኛዋንም ሦስተኛዋንም አራተኛዋንም በዚያው መንገድ አስገባሁ። ከዚያ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ ጠበቅሁ። የሰው ራስ ያን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። እያለቀስኩ ነበር፤ አልደብቃችሁም።

ስንት ደቂቃ እንዳለፈ እንጃ። መጀመሪያ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ቀጥሎ ትንፋሻቸው ረጋ አለ። ዓይናቸውን ገለጡ፣ ዛፎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ማነው አንተ ያለኝ?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ምላሳቸውን በከንፈራቸው ዙሪያ አዞሩ። «ጾመኛ ነኝ አላልክም?»

«ዋሽቼ ነው።»

«ተራራስ መውጣት?»

«እሱንም ዋሽቼ ነው። ግን መንገዱን አጥንቼዋለሁ። በሦስቱም መገንጠያ በግራ ነበር።»

ጋሽ መርዕድ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «እና ለምን አትናገርም?»

«እርስዎ ቀያሽ ነዎት ብዬ… ደፍሬ እንዴት ላርምዎት?»

«አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ! ሃያ ሁለት ዓመት ስሳሳት ከኋላዬ የሚጮህ ሰው ነበረኝ። ካርታ ይዘህ ዝም ስትል ልክ ነኝ ብዬ ነዋ! ሦስተኛው ጋ ቆሜ ሳይህ ፈገግ ትልልኛለህ?»

ከዚያ እሳቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ጣቴ ግን እየደማ ነበር። ቁርስ በልተው እንደሆነ ደግሜ ጠየቅኋቸው። አልዋሹኝም። ሰኞ ጾሙ ሲገባ ጀምሮ ሶስና ከለሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክኒናቸውን አስውጣ፣ አጃ ሠርታ አስቀምጣ ትሄዳለች። ስኳር የሚያወርደውን ክኒን ይውጣሉ። አጃውን በአጥር አሾልከው ለጎረቤት ውሻ ይሰጣሉ።

«ለምን ጋሼ? የንስሐ አባትዎ ፈቅደውልዎት?»

«ሶስና ሰባት ዓመቷ ነበር። በረሃው መሐል ትኩሳት ያዛት። ውሃ የለን፣ ሰው የለን፣ ደረቴ ላይ አቅፌያት እንደ እሳት ታቃጥለኛለች። እመቤቴ፣ ይችን ልጅ ካተረፍሽልኝ ፍልሰታሽን እስክሞት ሙሉውን እጾማለሁ አልኩ። አተረፈችልኝ። አንድ ዓመት አላጎደልኩም።»

አፌ አንዴ ተከፍቷል፤ ያን ቀን የሚዘጋው አልተገኘም። «እመቤታችን ልጅቷን ያተረፈቻት አባት እንዳይኖራት ነው እንዴ?» አልኩ። ጋሽ መርዕድ ቆጣ ብለው አዩኝ።

ከዚያ እኔ ፊት ሆንኩ። የኮታቸውን እጅጌ ይዤ፣ ቅጠላ ቅጠሉን በትከሻዬና በመቀመጫዬ እየገፋሁ ሽቅብ አወጣኋቸው። የመኪና መንገድ አገኘን፤ የፓርኩ ጠባቂ በፒክ አፑ ሲያልፍ እጄን አውለበለብኩ። የፖም ጭማቂ ሰጣቸው። «እንግዲህ ከተፈታ ተፈታ» ብለው ጨለጡት። መኪናችን ጋ አደረሰን። የሶስናን ምሳ አውጥቼ ጭናቸው ላይ ዘረጋሁና እስኪጨርሱ ድረስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሲጨርሱ እጃቸውን ጠረጉና «ጣትህ ያምሃል?» አሉ።

«ኧረ ምንም አይደል።»

«ሽማግሌ ልትልክ ነው አሉ።»

«ከፈቀዱልኝ።»

«እሑድ ላካቸው። እሺ እላለሁ።»

ያን ያህል የጠበቅኋት ቃል ከሽሮ ጋር ወጣች። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ጨመሩ። «የዛሬውን ግን ሶስና እንዳትሰማ። የውሻውንም ጭምር።»

«ሰኞስ ጋሼ? ሰኞም ክኒኑን ውጠው ሊጾሙ ነው?»

«ሰኞ የኔ ጉዳይ ነው። እሑድ ያንተ ጉዳይ ነው።» እጃቸውን ዘረጉ።

ልንገራችሁ? ጨበጥኳቸው። ጨብጬ ደስም አለኝ።

ቤት ስንደርስ ሶስና በሩ ላይ ጠበቀችን። «አባዬ በላ?»

«ምሳውን አሟጠው ነው የጨረሱት።»

«ስድስት ሰዓት ላይ?»

«እ… እዚያ አካባቢ።»

«ጣትህ ምን ሆነ?»

«ግንድ ላይ ነው» አልኩ። ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን ሰቅለው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

ቅዳሜን በሒሳብ አሳለፍኩት። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ደህና ናቸው። እሑድ እሺ ይላሉ። ሰኞ ጠዋት ቀስ ብዬ ለሶስና እነግራታለሁ። እሺታዋም በእጄ፣ ሰውዬውም በሕይወት። እንዲህ ያለ ብልጠት ከየት አመጣሁት ብዬ ራሴን አደነቅሁ። በዚህ ላይ ማታውኑ ሰውነቴን ያሳክከኝ ጀመር። ያ በመቀመጫዬ የገፋሁት ቅጠል መርዛም ኖሯል፤ እሑድ ጠዋት ስነሳ የምቀመጥበት አልነበረኝም።

እሑድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ጭኜ ከሳን ሆዜ ወደ ኦክላንድ ነዳሁ፤ ባንድ ጎኔ ተቀምጬ። ከኋላ ሆነው ማን ቀድሞ እንደሚናገር ይከራከራሉ። እኔ ግን የማስበው ሰኞን ነበር። ሶስና ክኒኑን የምታስውጣቸው በለሊት ነው፤ እኔ ፋብሪካው ውስጥ ሆኜ ስልክ እስካገኝ ረፍዷል። በዚያ መሐል ኩሽና ውስጥ ብቻቸውን ቢወድቁስ? ቸኮሌት ይዞ ደረታቸው ላይ የሚንበረከክ ማን አለ? ያ ትከሻዬ ላይ የነበረው ክብደት ተመልሶ መጣብኝ። በሕይወት መቆየታቸውን ለአንዲት ቃል እንደሸጥኩት ገባኝ።

ነዳጅ ማደያ ጋ ቆምኩ። «ነዳጅ ሞልቷል እኮ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ወደ ሕዝብ ስልኩ ሄድኩና ደወልኩ።

«ሶስና፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኩ። ከክኒኑ እስከ ውሻው፣ ከሦስቱ መገንጠያዎች እስከ ጣቴ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

«ዓርብ ዕለት ዓይኔን እያየህ ነው የዋሸኸኝ» አለች።

«አዎ።»

«ኦ ማይ ጋድ ሙሉጌታ።» ሙሌ አላለችኝም። ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹን በር ላይ አወረድኳቸው። ሙሽራ አብሮ አይገባምና መኪና ውስጥ እያከክሁ ጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ተመልሰው ወጡ። የሦስቱም ፊት አንድ ዓይነት ነው።

«ምን አሉ?»

«‹ምስጢር ለማይጠብቅ ሰው ልጄን አልሰጥም› አለ» አሉ ትልቁ። «ምን ዓይነት ምስጢር ነው ልጄ? ሌላ ሚስት አለህ እንዴ?»

ያን ጊዜ ሶስና ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። መስኮቱን አንኳኳች፤ ከፈትኩላት።

«የመጣሁት ይቅር ልልህ አይደለም» አለች። «ካርታ ይዘህ ዝም! እያወቅህ ዝም! ሁለታችሁም እየተከባበራችሁ ልትሞቱ ነበር እኮ። ሲሪየስሊ።»

«ልክ ነሽ።»

«ለአባዬም ነግሬዋለሁ። ስለቱን ይጠብቅ፤ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ። ሰዓቱን ግን ማርያም አልጠየቀችህም፣ ራስህ ነህ የጨመርከው አልኩት። የንስሐ አባቱም እንደዚያው ብለውታል። ነገ ጠዋት እበላለሁ ብሏል። አላመንኩትም። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ አንተ ኮል ታደርግለታለህ። ክኒኑንም ከምግቡ ጋር ያኔ ይውጣል። ሲያኝክ ትሰማለህ። እስኪጨርስ አትዘጋም።»

«ስልኩን ያነሱልኛል?»

«ያነሳል። አንተን ለመስደብ ሲል ያነሳል።»

ሰኞ ጠዋት፣ በሻይ ዕረፍቴ ላይ፣ ከፋብሪካው ኮሪደር ደወልኩ። አነሱት። አንድ ቃል ሳይናገሩ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ዘጉት። ማክሰኞ «ሰላይ!» አሉኝና ቀጠሉ። ረቡዕ በሁለት ጉርሻ መሐል «ይሄን አጃ ውሻውም ይበላ የነበረው ወዶ አይደለም» አሉ። ሐሙስ ሰው አፍ ውስጥ ጣት መክተትን የትኛው ትምህርት ቤት እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። ዓርብ ከቤቴ ስደውል፣ ጣቴ እንዴት እንደሆነ። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉት የሥራ ባልደረቦቼ ግንብ ተደግፎ፣ አንዴ እያከከ አንዴ ብቻውን እየሳቀ ስልክ የሚያዳምጠውን ሰውዬ በጥርጣሬ ያዩት ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ያደግሁት ትልቅ ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብዬ ነው። ያን ዓርብ ጨዋነት የመሰለኝ ፍርሃት ሆኖ አገኘሁት፤ አክብሮቱ ሰውዬውን ሊገድላቸው ነበር፤ ያተረፋቸው ብልግናዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው በተሳሳተ መንገድ ሲሄድ አየሩ ደስ ይላል አልልም። አንዳንድ ዘመድ በዚህ ተቀይሞኛል፤ አለቆቼም አልወደዱልኝም። በሕይወት ያለ ሰው ቢቀየመኝ ግን እመርጣለሁ። እናንተም ከፊታችሁ የሚሄድ ጋሼ ካለ፣ እባካችሁ ጩኹበት።

የጾሙ መጨረሻ ሰኞ ላይ ዋለ። ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ጋሽ መርዕድ አነሱ፤ እንደተለመደው ማኘክ ጀመሩ። ያን ቀን አልተሰደብኩም። ሳህኑን ጠርገው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ውሃ ሲጠጡ ሰማሁ። ሊዘጉ ነው ብዬ ስጠብቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላካቸው» አሉኝ። «ቁርስ ሰዓት ላይ ግን እንዳይመጡብኝ።»